የተዋጠው መድኃኒትና በደም ውስጥ የተገኘው

(ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ለመጡ ባለትዳሮች በመሐል ሜዳ ከተማ የተደረገ ንግግር። ተናጋሪው የላቦራቶሪ ባለሙያና የአካባቢው ተወላጅ ናቸው።)



ዛሬ ስለ ደም፣ ስለ ሽንትና ስለ ጡት ወተት ላነጋግራችሁ ነው የቆምኩት። እነዚህን በሰው ፊት ስማቸውን እየጠሩ ማውራት በአገራችን ወግ የተለመደ አለመሆኑን አውቃለሁ። እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ስናገር ብትሰማ ነጠላዋን አፏ ላይ ትይዝ ነበር። ይሁንና የእኔ እንጀራ ከዚሁ ስለሆነ፣ ሰው በብልቃጥ ይዞልኝ የመጣውን ስመረምር የኖርኩ ስለሆንኩ፣ እናንተ ካልታዘባችሁኝ እኔ አላፍርም።

መነሻ እንዲሆነን አንድ የገጠመኝን ነገር ላጫውታችሁ።

ከብዙ ዓመታት በፊት ነው። ስሙን በማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ እሠራ ነበር። በዚያ ከተማ የሚኖሩ ባልና ሚስት ነበሩ፤ እሱ የባና ነጋዴ፣ እሷ አስተማሪ። ሦስት ልጆች አሏቸው። የጀመሩት ቤት ተሠርቶ እስኪያልቅ ድረስ አራተኛ ልጅ እንዳይመጣ ተስማምተው፣ እሷ በየዕለቱ የሚዋጠውን የወሊድ መከላከያ እንክብል ትወስዳለች። በዚህ መካከል ሳል ጸናባት፣ ሌሊት ሌሊት ላብ ያጠምቃት ጀመር፣ ከሳች። ተመርምራ የሳንባ ነቀርሳ ተገኘባትና የስድስት ወሩን ሕክምና ጀመረች። የነቀርሳውን መድኃኒት ከአንዱ ክፍል ትወስዳለች፤ የወሊድ መከላከያውን ከሌላው ክፍል። በሁለቱ ክፍሎች መካከል ያለው ርቀት ሃያ እርምጃ አይሞላም። ነገር ግን አንዱ ክፍል ስለ ሌላው አልጠየቀም፤ እሷም የሚገናኝ ነገር አልመሰላትምና አልተናገረችም።

በአራተኛው ወር አረገዘች።

ባልየው የእንክብሉን ፓኬት አውጥቶ አየ። ባዶ ነው። «ውጠሽው ቢሆን ኖሮ ባላረገዝሽ ነበር። ምድጃ ውስጥ እየጣልሽ አታለልሽኝ» አላት። ከዚህ የባሰም ቃል ተናግሯታል፤ እሱን እዚህ አልደግመውም። ነገሩ ከቤት ወጥቶ ሽማግሌ ተቀመጠ። እሷም አንድ ቀን ማለዳ ወደ ላቦራቶሪው መጥታ፣ «ወንድም ዓለም፣ አንድም ቀን አላሳለፍኩም። እናንተ ደሜን አይታችሁ ልትመሰክሩልኝ አትችሉም ወይ?» ስትል ጠየቀችኝ።

መዝገቤን ገለጥኩ። ከሁለት ወር በፊት ለሌላ ጉዳይ ሽንቷን መርምሬ ኖሯል። በገዛ እጄ «ቀለሙ ብርቱካናማ» ብዬ ጽፌያለሁ። ሪፋምፒሲን የተባለው የነቀርሳ መድኃኒት ሽንትን፣ ላብን፣ እንባን ሳይቀር ብርቱካናማ እንደሚያደርግ ያኔም አውቅ ነበር። መድኃኒቱ ከሰውነቷ ወጥቶ፣ በብርሃን ፊት በብልቃጥ ውስጥ እያየሁት፣ «እህቴ፣ ሌላ የምትወስጂው መድኃኒት አለ?» ብዬ አልጠየቅኋትም። ዛሬ በፊታችሁ የቆምኩበት ምክንያት ይኸው ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዋ እንመለስ። ደም ይመሰክራል ወይ?

መጀመሪያ መድኃኒት ከተዋጠ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልጋል። መድኃኒቱ ከአንጀት ተመጥጦ ወደ ጉበት ይደርሳል። ጉበት እንደ ኬላ ነው። ባዕድ ሆኖ ያገኘውን ሁሉ ኤንዛይም በሚባሉት ሠራተኞቹ ሰባብሮ በሽንትና በሐሞት በኩል ያስወጣል። የእንክብሉ ፋብሪካ ይህን ስለሚያውቅ፣ ጉበት የድርሻውን ከወሰደ በኋላ የሚተርፈው በቂ እንዲሆን አስልቶ ይሠራል። በተለመደው ጥምር እንክብል ውስጥ ያለው 30 ማይክሮግራም ኢቲኒል ኢስትራዲዮልና 150 ማይክሮግራም ሌቮኖርጀስትሬል ነው። ማይክሮግራም ማለት የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ስሌቱ ጠባብ መሆኑን ከዚህ ተረዱ።

ሪፋምፒሲን ሲመጣ ጉበት በኬላው ላይ ያሉትን ሠራተኞች ቁጥር ያበዛል። እነሱም ሪፋምፒሲንን ብቻ ሳይሆን በዚያ በር የሚያልፈውን ሁሉ፣ የወሊድ መከላከያውን ሆርሞን ጭምር፣ በፍጥነት ይሰባብራሉ። ሴትየዋ ውጣለች፤ ነገር ግን የተዋጠው መድኃኒትና በደሟ የሚገኘው መድኃኒት የተለያዩ ሆኑ። ይህ ነገር አዲስ ግኝት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1970ዎቹ መጀመሪያ ላይ የጀርመን ሐኪሞች ሪፋምፒሲንና የወሊድ መከላከያ እንክብል አብረው የሚወስዱ ሴቶች የወር አበባቸው እንደሚዛባ አስተዋሉ። በአንደኛው ዘገባ ከ88 ሴቶች መካከል 5ቱ አርግዘዋል። ከዚያ ወዲህ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ እኔ ግን አሁንም ያልሰሙ ባለትዳሮች ያጋጥሙኛል።

መለካቱስ እንዴት ይከናወናል? ሥራዬ ነውና እዚህ ላይ ትንሽ ብቆይ አትፍረዱብኝ።

መጀመሪያ ነገር፣ የሚፈለገው መጠን እጅግ ጥቂት ነው። ዲፖ ፕሮቬራ የምትወጋ ሴት በደሟ ውስጥ በአንድ ሚሊ ሊትር 0.1 ናኖግራም የሚያህል የመድኃኒቱ ሆርሞን ከቀረላት እንቁላል እንዳይወጣ ለማገድ ይበቃል ተብሎ ይገመታል። ናኖግራም የግራም አንድ ቢሊዮንኛ ነው። በምሳሌ ላስረዳ። አንድ ግራም ስኳር፣ ማለትም ከሻይ ማንኪያ ሩብ የማይሞላውን፣ በ500 ሺህ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውሃ ውስጥ ብትበትኑት መጠኑ ያን ያህል ይሆናል። የላቦራቶሪ ባለሙያ የሚጠየቀው ከዚያ ውሃ አንድ ብልቃጥ ቀድቶ የስኳሩን መጠን እንዲናገር ነው።

ደሙ ከክንድ ይቀዳል። ከዚያም ሴንትሪፊውጅ በሚባል በፍጥነት በሚሽከረከር መሣሪያ ውስጥ ይገባል። ቀዩ ወደ ታች ይዘቅጥና ብጫ ውሃ የመሰለው ፕላዝማ ከላይ ይቀራል። ፕላዝማው በፕሮቲን የተሞላ ስለሆነ መድኃኒቱን እንዳለ መለካት አይቻልም፤ በመጀመሪያ መነጠል አለበት። እናንተ እመቤቶች ይህን ሥራ በየቤታችሁ ታውቁታላችሁ። አሬራ እሳት ላይ ሲጣድ አይቡ ተቋጥሮ ከአጓቱ ይለያል። እኛም ፕላዝማው ላይ ሜታኖል ወይም የመሰለውን ፈሳሽ ስንጨምርበት ፕሮቲኑ እንደ አይብ ይቋጠራል፤ መድኃኒቱ አጓቱ ውስጥ ይቀራል።

የወሊድ መከላከያ ሆርሞንን የመሰለ ቅባት ወዳድ ነገር ሲሆን ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ። ኮሰረትና ኮረሪማ ከቅቤ ጋር ሲነጠሩ ሽታቸውን ቅቤው ጠጥቶ እንደሚያስቀረው ሁሉ፣ ኢተርን የመሰለ ከውሃ ጋር የማይዋሐድ ፈሳሽ ጨምረን ስንንጠው ሆርሞኑ ፕላዝማውን ትቶ ወደዚያ ይገባል። ከዚያ ፈሳሹን አትንነን የቀረውን እንወስዳለን።

በዚህ ሁሉ መገልበጥና መናጥ ውስጥ ከመድኃኒቱ ጥቂቱ መጥፋቱ አይቀርም። ምን ያህል እንደጠፋ የሚታወቀው በአንድ ብልሃት ነው፤ እኔ ከተማርኩት ሁሉ ይህን አብልጬ እወደዋለሁ። የመንዝ ሰው በግ ነጂ ነውና በበግ ልንገራችሁ። መቶ በግ ወደ ጣርማ በር ትነዳላችሁ እንበል። ጉም አለ፣ ገደል አለ፣ መንገድ ላይ ስንት እንደቀረ ለመቁጠር አይመችም። ነገር ግን ስትነሡ አሥር በቀይ ቀለም የተቀቡ በጎች ቀላቅላችሁ ነበር። ስትደርሱ ስምንት ቀይ በጎች ካገኛችሁ ከሌላውም ከአምስት አንዱ እንደጠፋ ታውቃላችሁ። እኛም ሥራውን ከመጀመራችን በፊት ከሚለካው መድኃኒት ጋር የሚመሳሰል፣ መጠኑን አስቀድመን የምናውቀው ሌላ ነገር ፕላዝማው ላይ እንጨምራለን። መጨረሻ ላይ ከእሱ ስንቱ እንደተገኘ አይተን የሌላውን ሒሳብ እናስተካክላለን።

የተነጠለው ፈሳሽ ክሮማቶግራፊ በሚባለው መሣሪያ ቀጭን ቱቦ ውስጥ በግፊት ያልፋል። ነጭ ጨርቅ ላይ የወደቀ የቀለም ጠብታ ውሃ ሲነካው እየሰፋ ሄዶ፣ አንዱ ቀለም እዚህ፣ ሌላው እዚያ ሲቀር አይታችሁ ይሆናል። በቱቦው ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ንጥረ ነገር በራሱ ሰዓት ይወጣል። ሲወጣ ጠብቆ የሚመዝነው ሌላ መሣሪያ አለ። መሣሪያው ውድ ነው፤ በወረዳ ደረጃ ባሉ ላቦራቶሪዎች የሚሠራ ምርመራም አይደለም። በመሆኑም ለዚያች ሴት የመለስኩላት መልስ «እዚህ አይቻልም» የሚል ነበር።

ነገር ግን ወንድሞቼና እህቶቼ፣ ቢቻልስ ኖሮ ምን ይገኝ ነበር? ይህን ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። የሆርሞኑ መጠን በደሟ ውስጥ ዝቅ ብሎ ይገኝ ነበር። ሌላ ምንም ሳይጠየቅ ያ ቁጥር ብቻውን በወረቀት ላይ ተጽፎ ለሽማግሌዎቹ ቢሰጥ ኖሮ፣ «አልዋጠችም» የሚለውን የባልየውን ክስ የሚደግፍ ይመስል ነበር። አንዲት ንጹሕ ሴት በላቦራቶሪ ወረቀት ትፈረድባት ነበር ማለት ነው። ቁጥሩ ትርጉም የሚኖረው ሌላ የሚወሰድ መድኃኒት መኖሩ ሲታወቅ ነው። እንግዲህ ከማሽኑ በፊት የሚቀድመው ጥያቄ ነው፤ ያም ጥያቄ ገንዘብ አይጠይቅም።

ይህን ነገር በደም መለካት ጥቅሙ ምንድን ነው ትሉኝ ይሆናል። ጥቅሙ በአንድ ሰው ላይ የደረሰው እንደ ዕድል ተቆጥሮ እንዳይታለፍ ነው። በኡጋንዳ የተደረገውን ልንገራችሁ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረውን የሌቮኖርጀስትሬል መከላከያ ካስቀበሩ ሴቶች መካከል ኤፋቪሬንዝ የተባለውን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የሚወስዱ 20 ሴቶች ነበሩ። ደማቸው በየጊዜው ተለካ። በ48ኛው ሳምንት የሆርሞኑ መጠን የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከማይወስዱት ሴቶች ጋር ሲነጻጸር 43 በመቶ ያህል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከ20ዎቹ ሦስቱ አረገዙ። በክንድ የሚቀበር ነገር ደግሞ ሊረሳ ወይም ምድጃ ውስጥ ሊጣል አይችልም፤ ክንዷ ላይ በእጅ ይዳሰሳል። ውጤቱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 ሲታተም እኔ ያቺን አስተማሪ አስታወስኳት።

በአገራችንም እንዲህ ያለ ሥራ ተሠርቷል። ዶክተር እሌኒ አክሊሉ የተባሉት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪ በስዊድን አገር ከሚገኘው የካሮሊንስካ ተቋም ጋር ሆነው፣ በ1996 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ስለ ኢትዮጵያውያን ጉበት ብዙ የተነገረለትን ጥናት አወጡ። ፈቃደኞቹ ዴብሪሶኪን የተባለ መድኃኒት ይውጣሉ፤ ከዚያ ሽንታቸው ተጠራቅሞ፣ መድኃኒቱ እንዳለ የወጣው ስንት ነው፣ ጉበት የሰበረውስ ስንት ነው ተብሎ ይለካል። ከደማቸው ደግሞ ዘራቸው ይታያል። ከኢትዮጵያውያኑ 29 በመቶ የሚሆኑት ሲ ዋይ ፒ 2 ዲ 6 የተባለውን ኤንዛይም የሚያዘው ዘረመል ተደጋግሞ ተገኘባቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ይህ ዓይነቱ ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ነው። የእኛ ሰው ጉበት በዚህ በኩል ቸኩሎ የሚሠራ ነው ማለት ነው። ከዚያም በ2013 ኢትዮጵያውያንና ታንዛኒያውያን ሕሙማን አንድ ዓይነት የኤፋቪሬንዝ መጠን እየወሰዱ ደማቸው ሲለካ፣ በታንዛኒያውያኑ ደም ውስጥ የተገኘው ከኢትዮጵያውያኑ የበለጠ ሆነ። ያው እንክብል በሁለት ሰዎች ደም ውስጥ ሁለት መድኃኒት ይሆናል ብል አላጋነንኩም።

አሁን ወደየቤታችሁ ይዛችሁ የምትገቡት ነገር ላይ እንድረስ።

ከእናንተ መካከል የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የምትወስድ ካለች፣ መድኃኒቱ ሪፋምፒሲን ያለበት እስከሆነ ድረስ፣ የሚዋጠው የወሊድ መከላከያ አያስተማምናትም። ነቀርሳን አስቀድሞ ለመከላከል በሳምንት አንድ ጊዜ የሚሰጠው ሕክምና ውስጥ ያለው ሪፋፔንቲንም ወንድሙ ነው። በክንድ የሚቀበረውም ኃይሉ ሊቀንስ ይችላል። ሉፕ ግን በመዳብ የሚሠራ ስለሆነ ከጉበት ጋር ጉዳይ የለውም፤ ኮንዶምም እንዲሁ። ዲፖ ፕሮቬራ የሚሰጠው 150 ሚሊ ግራም ሆኖ በብዛት ስለሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ከሪፋምፒሲን ጋር እንዲወሰድ ይፈቅዳል። ሆኖም በ2020 በታተመ የአፍሪካ ጥናት፣ የነቀርሳና የኤች አይ ቪ መድኃኒት አብረው ከሚወስዱ 42 ሴቶች መካከል በ5ቱ ደም ውስጥ ሆርሞኑ በ12ኛው ሳምንት ቅድም ከነገርኳችሁ ከ0.1 ናኖግራም በታች ወርዶ ተገኝቷል። አንዷም እንቁላል አላወጣችም። ቢሆንም ሁለቱን ሕክምና አብራ የምትከታተል እህት የመርፌ ቀጠሮዋን ማሳለፍ የለባትም፤ ቀጠሮው ቀደም ቢል ይሻል እንደሆነም ትጠይቅ።

አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ይህን ሰምታችሁ የነቀርሳውን መድኃኒት እንዳታቋርጡ። የሚለወጠው የወሊድ መከላከያው ነው። የነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ሰው መጨረስ አለበት፤ ያረገዘችም ብትሆን።

የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት የምትወስዱ ወገኖቼ፣ እዚህ እጅ እንድታወጡ አልጠይቅም። ኤፋቪሬንዝ በአገራችን ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በዶሉቴግራቪር እየተተካ ስለመጣና ዶሉቴግራቪር ከሆርሞኑ ጋር ስለማይጣላ ሥጋቱ ቀንሷል። የምትወስዱት የትኛው እንደሆነ ግን ከመድኃኒቱ ክፍል ጠይቃችሁ እወቁ። ለሚጥል በሽታ የሚሰጡት ፌኖባርቢታል፣ ፌኒቶይንና ካርባማዘፒንም ጉበትን እንደ ሪፋምፒሲን ያነሣሣሉ። በእኛ አካባቢ ፌኖባርቢታል ለዓመታት የሚወስድ ሰው ጥቂት አይደለም፤ ብዙዎቹም መድኃኒቱን ለዘመድ እንኳ አይናገሩም። እንደ አሞክሲሲሊን ያሉት የተለመዱ አንቲባዮቲኮች ግን የወሊድ መከላከያን አያበላሹምና በነሱ አትሥጉ።

ስለ ኮሶ ሳልናገር ከመንዝ ብወጣ ይቅር አትሉኝም። ኮሶ የደጋችን ዛፍ ነው፤ አባቶቻችን ጥሬ ሥጋ በልተው ኮሶ ሲጠጡ ኖረዋል፤ እኔም በልጅነቴ ተሰጥቶኝ ግማሽ ቀን ሆዴን ይዤ ተጋድሜያለሁ። አበባው ከአንዱ ዛፍ ወደ ሌላው ኃይሉ ይለያያል፤ የሚሰፈረውም በእፍኝ ነው። ማንም በጠጪው ደም ውስጥ ምን ያህል እንደገባ ለክቶ አልሰጠውም። ፅንስ እንደሚያስወርድ፣ ሲበዛም ዓይንን እንደሚጎዳ ተጽፏል። እርጉዝ የሆነች፣ ወይም ልሆን እችላለሁ ብላ የምትጠረጥር ሴት ኮሶ መጠጣት የለባትም። ለኮሶ ትል ተለክቶ የተሠራ እንክብል በየጤና ተቋሙ አለ። የኮሶ ተቀማጭ ባል ሚስቱንም አብራው እንድትጠጣ እንዳያግባባ!

የጡት ወተትም የሰውነት ፈሳሽ ነው፤ እናት የምትወስደው መድኃኒት በመጠኑ ወደዚያ ያልፋል። የዲፖ ፕሮቬራ ሆርሞን በወተት ውስጥ ተለክቶ በጥቂቱ ይገኛል፤ ሕፃኑን ሲጎዳ ግን አልታየም። ጥምር እንክብሉ ወተት ሊያሳንስ ስለሚችል የምታጠባ እናት እስከ ስድስት ወር ባትወስደው ይመረጣል። ከዚህ ይልቅ የሚያሳስበኝ ኮዴይን ነው፤ ለሳልና ለሕመም ማስታገሻ የሚሰጥ መድኃኒት ነው። ጉበት ኮዴይንን ወደ ሞርፊን የሚለውጠው በዚያው ቅድም በጠቀስኩላችሁ፣ 29 በመቶ በሚሆነው ኢትዮጵያዊ ዘንድ በተደጋገመው ኤንዛይም ነው። እናቲቱ ከተለመደው በላይ ሞርፊን ከሠራች ወተቷም ይዞት ይሄዳል። የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴይንና ትራማዶል እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በዚህ የተነሣ ነው። ባል ሆይ፣ ከመድኃኒት ቤት የሳል ሽሮፕ ልትገዛ ስትሄድ «ለምታጠባ ሴት ነው» በል።

እንግዲህ ወደ ክሊኒኩ ስትመጡ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በአንድ ፌስታል ከታችሁ አምጡ። ከራቤልም ሆነ ከዓለም ከተማ የምትመጡ መንገዱ ሩቅ ነውና ከመነሣታችሁ በፊት ፈልጉት። ስሙን ማንበብ ካቃታችሁ ፓኬቱ ይናገራል። ባሕላዊ መድኃኒትም ከሆነ ተናገሩ፤ የሚቆጣችሁ ካለ የሚቆጣው ሰው ነው ያጠፋው።

የእነዚያ ባልና ሚስት ነገር ምን ሆነ ትሉኝ ይሆናል። ነርሷን ይዤ ሽማግሌዎቹ የተቀመጡበት ድረስ ሄድኩ። ስለ ጉበቱም፣ ስለ ኬላውም፣ ስለ ብርቱካናማው ሽንትም ተናገርኩ። መዝገቡን ይዤ ስለ ነበር ጽሕፈቴን አሳየኋቸው። ባልየው ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ታዲያ ይህን ታውቁ ከነበረ አስቀድሞ ለምን አልነገራችሁንም?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ነርሷም አልነበራት። ሽማግሌዎቹ ሚስቱን ይቅርታ እንዲጠይቅ አደረጉት። እሷ ይቅር ያለችው ግን በዚያ ቀን አይደለም፤ ብዙ ቆይታ ነው፤ አልፈርድባትም። ሕክምናዋን ጨረሰች፣ ድናለች። ሴት ልጅ ወለደች። ቤቱ ቆርቆሮውን ያገኘው በዓመቱ ነው።

ከንግግሩ በኋላ ከቀረቡት ጥያቄዎች መካከል ሁለቱ፦

አንድ ወንድም «አረቄ እንክብሉን ያበላሸዋል ወይ?» ሲሉ ጠየቁ። አረቄው በራሱ አያበላሸውም። ነገር ግን እንክብሉ ከተዋጠ በኋላ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ካስታወከ እንዳልተዋጠ ይቆጠራልና ሌላ መዋጥ ያስፈልጋል። ይህ ማስታወክ ከአረቄም ይምጣ ከሌላ ሕመም ለውጥ የለውም።

አንዲት እህት ደግሞ «የነቀርሳውን መድኃኒት ጨርሻለሁ፤ ዛሬውኑ ወደ እንክብሌ ልመለስ?» ብለዋል። ዛሬ አይደለም፤ እንክብሉን ቢጀምሩ እንኳ ለጊዜው አይመኩበት። ሪፋምፒሲን ከሰውነት ቢወጣም ጉበት ያበዛቸው ሠራተኞች ወዲያውኑ አይበተኑም፤ ወደ ቀድሞው ለመመለስ አራት ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። እስከዚያ ኮንዶም ይጠቀሙ፤ ወይም መርፌው ላይ ይቆዩ። የመጨረሻውን የነቀርሳ እንክብል የዋጡበትን ቀን ባለቤትዎ በግድግዳው የቀን መቁጠሪያ ላይ በእስክሪብቶ ያክብቡት፤ ከዚያ 28 ቀን አብራችሁ ቁጠሩ።